ለሚከፍል ሰው ብለፍ አያዋጣም

ፖከር ላይ የተጋጣሚን ድክመት ወደ ገንዘብ መቀየር እንዴት ነው? ቴክሳስ ሆልደምን እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ከሰባቱ የተሻለ አምስት ያለው የተጠራቀመውን ገንዘብ ይወስዳል። ሌሎቹ ካርታቸውን ከጣሉ ግን ባዶ እጅም ያሸንፋል።

ባዶ ይዞ ገንዘብ እያስያዙ ማስፈራራት ብለፍ ይባላል። ዋጋው ስንት ነው? መሃል ላይ 100 ዶላር አለ እንበል፤ የመጨረሻው ካርታ ተገልጧል፤ እርስዎም በባዶ እጅ 100 አስያዙ። ተጋጣሚዎ ከጣለ 100 ያገኛሉ፣ ከከፈለ 100 ይከስራሉ። ፈሪ ሆኖ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን የሚጥል ከሆነ በአማካይ በየጊዜው 40 ዶላር ያተርፋሉ። ሰባቱን የሚከፍል ከሆነ ያንኑ 40 ይከስራሉ።

ስለዚህ ፈሪውን ደጋግመው ያስፈራሩት። የማይጥለውን ግን በፍጹም! ለእሱ ደህና ካርታ ይጠብቁና ያስይዙ፤ በደካማ ካርታም ይከፍልዎታል። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚጨርሰው እንዲህ ያለውን ሰው ላስጥለው ብሎ ሲታገል ነው።

ፈሪ መሆኑን በምን ያውቃሉ? እርስዎ ካርታ ጥለው ከወጡም በኋላ ይመልከቱ። ማን ምን ይዞ እንደከፈለ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ ይገለጣል። ሁለት ሦስት ዙር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥሩ ካርታ ያልደረሰው ሰውም ፈሪ ይመስላል።

ድክመትን ማሳደድ ግን የራሱ ዋጋ አለው። ብለፍን ጨርሰው ከተዉ፣ የነቃ ተጋጣሚ እርስዎ ሲያስይዙ ሁሌ ይጥላል፤ ጥሩ ካርታዎ ገበያ ያጣል። መከላከያው ሚዛን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ ለሁለት ጠንካራ ካርታ አንድ ብለፍ ከቀላቀሉ ተጋጣሚው ቢከፍልም ቢጥልም ለውጥ የለውም።

በ2017 ፒትስበርግ ውስጥ ሊብራተስ የተባለ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አራት የታወቁ ተጫዋቾችን በ120,000 ዙር አሸንፏል። ድክመታቸውን አላሳደደም። ይልቁንም ቀን የነካኩበትን የራሱን ቀዳዳ ሌሊት ይደፍን ነበር።

እርስዎ ግን ከማሽን ጋር አይደለም የሚጫወቱት። ከማያውቁት ሰው ጋር በሚዛን ይጀምሩ፤ ድክመቱ ሲገለጥልዎ ቀስ በቀስ ያዘንብሉ፤ ልማዱን ከቀየረ ይመለሱ። ቁማር ቤቱ ከየዙሩ ኮሚሽን የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ ከተጋጣሚዎ በትንሹ መሻል ብቻ አይበቃም፤ ደካማ ተጫዋች የሌለበትን ጠረጴዛ ትቶ መነሳት ይሻላል።