ስለ ንግግር ሕክምና ትምህርት

ልጆች ሆይ፤ ሰው ከእንስሳ ተለይቶ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ንግግር ነው። ንግግር ለተናጋሪው ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ የሰውነት ክፍሎች ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። ሳንባ ትንፋሽን ይልካል፤ በጉሮሮ ያሉት የድምፅ አውታሮች ይርገበገቡና ትንፋሹን ድምፅ ያደርጉታል፤ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጥርስና ላንቃ ድምፁን ይቀርጹታል፤ ጆሮ የተነገረውን ይቈጣጠራል፤ አንጐልም ሁሉን ያዛል። ከእነዚህ አንዱ ቢታወክ ንግግር ሊታወክ ይችላል። ይህን መርምሮ የሚያቃና ሰው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይባላል፤ ሙያውንም የሚማረው በዩኒቨርሲቲ ነው።

ነገሩን በራሳችሁ ትረዱት ዘንድ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ «ም» የሚለውን ድምፅ አስረዝማችሁ አሰሙ፤ ወዲያው ይቋረጣል። «በ» ብትሉ ግን ያለ ችግር ይወጣል። ምክንያቱም «ም» ሲነገር ትንፋሽ በአፍንጫ ይወጣል፤ «በ» ሲነገር ግን ለስላሳው የላንቃ ክፍል ወደ ላይ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ይህን መንገድ አጥብቆ መዝጋት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ «በ» ሊል ሲፈልግ ትንፋሹ በአፍንጫው ያመልጥና ቃሉ ሳይለይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ለወላጆቹም የተላከ ቅጣት አይደለም። አስቀድሞ ላንቃው በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ ከዚያም የሚያስፈልገው ሲሆን ባለሙያው ድምፆቹን አንድ በአንድ ያስተምረዋል።

የዚህ ጥበብ መሠረት የተጣለው ቀስ በቀስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1861 ዓ.ም. ፖል ብሮካ የተባለ የፓሪስ ሐኪም፣ የሚነገረውን እየሰማ «ታን» ከማለት በቀር መናገር ያልቻለ አንድ በሽተኛ በሞተ ጊዜ አንጐሉን መረመረ፤ በግራው የፊተኛ ክፍልም ጉዳት አገኘ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ቬርኒከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ሌላ የአንጐል ክፍል ሲጐዳ ሰው እየተናገረ የሰማውን ለማስተዋል እንደሚሳነው ገለጠ። ከዚህ የተነሣ፣ የአንጐል ደም ሥር ተዘግቶበት ወይም ፈሶበት ንግግሩን ያጣ ሰው አእምሮውን ሁሉ እንዳላጣ ታወቀ።

በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሊ ኤድዋርድ ትራቪስ በ1924 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሎ በኋላ የንግግር ክሊኒኩን መራ። በ1925 ዓ.ም. የሙያው ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። በ1926 ዓ.ም. ዌንደል ጆንሰን የተባለ ወጣት፣ ራሱ የሚንተባተብ ሲሆን፣ መድኃኒት ፍለጋ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ተማሪ ሆኖ ቀርቶም ስመ ጥር ሊቅ ሆነ።

ነገር ግን ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ምን ያህል እንደሚጐዳ የሚያስረዳ ታሪክም በዚያው ተፈጸመ። በ1939 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ፣ በጆንሰን መሪነት፣ ከአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ በተመረጡ 22 ልጆች ላይ ፈተና አደረገች። አነጋገራቸው ደኅና ከነበረው መካከል ለስድስቱ፣ መንተባተብ እንደ ጀመሩ እየተደጋገመ ተነገራቸው። ልጆቹ ተብታባ ባይሆኑም፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለመናገር የሚፈሩና የሚያፍሩ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው በ2001 ዓ.ም. ይቅርታ ጠየቀ፤ የአዮዋ መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. 925,000 ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ ትልቅ ሰው ለሕፃን የሚናገረው ቃል ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ ማስተዋል ይገባል።

በአሜሪካ ይህን ሙያ ለመያዝ የሚሻ ተማሪ የመጀመሪያውን ዲግሪ ከተቀበለ በኋላ የማስተርስ ትምህርት ይማራል። የሰውነትን አሠራር፣ የድምፆችን አፈጣጠር፣ የመስማትን ነገር፣ የሕፃናትን ቋንቋ አለማመድና የሰውን ጠባይ ያጠናል። በመጽሐፍ ብቻ አይወሰንም፤ በማኅበሩ ደንብ 25 ሰዓት ሲሠራ በማየት፣ 375 ሰዓት ደግሞ ራሱ ሰዎችን በመርዳት፣ በጠቅላላው 400 ሰዓት ይለማመዳል። ከዚያም ፈተና ያልፋል፤ ቢያንስ 36 ሳምንትም በነባር ባለሙያ አማካሪነት ይሠራል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ተሰጥቷል።

ከዚህም በቀር ባለሙያው የሚረዳውን ሰው ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» የሚባሉት ድምፆቻችን የድምፅ አውታሮችን ዘግቶ፣ በአፍ ውስጥ የታፈነውን አየር በመግፋት የሚነገሩ ናቸው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ እነዚህን ድምፆች ከሌሎቹ ለይቶ በፊደል አይቈጥራቸውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው፣ «ጠ» ማለት አቅቶት «ተ» የሚለውን የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንዴት እንደሚያቃናው በዚያ መጽሐፍ አያገኝም። ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን ወይም ሌላውን የአገራችንን ቋንቋ በጥናት ያወቀ ሰው ነው።

ባለሙያ በሌለበት መንደር ደግሞ መምህሩና ተማሪዎቹ ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። መንተባተብ በብዙዎች ዘንድ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ አብዛኞቹም ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ምንጩ ከዘርና ከአንጐል አሠራር ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ስለዚህ የሚንተባተብ ጓደኛ ያላችሁ እንደ ሆነ አትሳቁበት፤ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁ፤ እስኪጨርስ ታገሡት፤ የሚናገረውን ነገር እንጂ አነጋገሩን አትመልከቱ። መምህርም እንዲህ ያለውን ልጅ ከጥያቄ አያግልለው፤ ነገር ግን አያጣድፈው። ዘግይቶ አፉን የሚፈታ ሕፃን ሲገኝ፣ ጆሮው ይሰማ እንደ ሆነ በጤና ጣቢያ እንዲታይ ወላጆቹን መምከር ይገባል፤ የማይሰማ ልጅ የሰውን ንግግር በጆሮው ሊለምድ አይችልምና።

ከእናንተም መካከል ይህን ሙያ የሚመኝ ቢኖር፣ ዛሬ የሚማረውን የሰዋስውና የሳይንስ ትምህርት አይናቅ፤ ለሙያው የሚያስፈልገውንም ትዕግሥት በክፍሉ ውስጥ ከጐኑ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ሆኖ ከአሁኑ ይለማመድ።