ለቤት የሚሆን የቡና መፍጫ አመራረጥ

ከጎንደር በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ቁልቁለት አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው ድብ ባሕርም ሆነ በሌሎች የሰሜን ጎንደር ከተሞች፣ ቡናን በሙቀጫና በዘነዘና መውቀጥ ዘመናት ያስቆጠረ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። በተለይ ከመሥሪያ ቤት መልስ ቡና ለሚያፈሉ የመንግሥት ሠራተኞች መፍጫ መግዛት ጊዜና ጉልበት ይቆጥባል። ይሁንና ከደመወዝ ተቀንሶ የሚገዛው ዕቃ ያለ አገልግሎት እንዳይቀር አስቀድሞ ማጤን ያስፈልጋል።

ቡና ከተፈጨ በኋላ ለአየር የሚጋለጠው ገጽታ ስለሚሰፋ መዓዛው በፍጥነት ይተናል። በመሆኑም ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መፍጨት ይመረጣል። ከዚህም ሌላ ተፈጭቶ የሚሸጥ ቡና ባዕድ ነገር ቢቀላቀልበት በዓይን ለመለየት አዳጋች ሲሆን፣ ፍሬውን ገዝቶ በቤቱ የሚፈጭ ተጠቃሚ ከዚህ ሥጋት ይጠበቃል።

መፍጫዎች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ነው። ዋጋው አነስተኛ፣ አጠቃቀሙም ቀላል ቢሆንም ፍሬውን የሚከታትፈው ያለ መጠን ስለሆነ ከፊሉ እንደ ዱቄት ሲልም ከፊሉ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ፍሬውን በሁለት ጥርሳም አካላት መካከል አስገብቶ የሚፈጭ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በማጥበብና በማስፋት ተቀራራቢ ልመት ያለው ቡና ይገኝበታል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ይህኛው በእጅ የሚዞርም በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለው።

የልመቱ እኩልነት የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የላመው ክፍል ጣዕሙን ቶሎ ለቅቆ ሲመር፣ ሻካራው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በመሆኑ ሻካራ ቡና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በአንጻሩ ቡናው ከመጠን በላይ ከላመ አተላው በጀበናው ውስጥ ሳይዘቅጥ ከሲኒ ይገባል። ስለዚህ ለጀበና ቡና የላመ፣ ነገር ግን እንደ ዱቄት ያልደቀቀ አፈጫጨት ተስማሚ ነው።

የኤሌክትሪክ መፍጫ የሚገዛ ሰው ዕቃው በአገራችን ለሚሠራበት 220 ቮልት የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከአሜሪካ የሚላኩት ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተዘጋጁ በመሆናቸው ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በእጅ የሚዞረው የተሻለ አማራጭ ነው።

ባለ ምላጩን መፍጫ ሳያቋርጡ ማሠራት ሞተሩንም ቡናውንም ስለሚያግል፣ ለጥቂት ሰከንድ እያሠሩ ማሳረፍ ይገባል። በርበሬና ቅመም የተፈጨበት መፍጫ ሽታውን ለቡናው ስለሚያስተላልፍ ለየብቻ መያዝ ያሻል። የቡናው ቅባት ተጠራቅሞ እንዳይሸት መፍጫውን ከሶኬት ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ሞተር ያለበትን ክፍል ግን በውኃ ማጠብ አይገባም።

በአጠቃላይ የቤተሰቡን ብዛት፣ የመብራቱን ሁኔታና የኪስን አቅም አገናዝቦ የሚገዛ መፍጫ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ቡና ሳያስቸግር ያደርሳል። ሙቀጫውና ዘነዘናውም ቢሆኑ መብራት በሌለበት ዕለት አገልግሎታቸው አይቋረጥም።