ወንዶች ሲዋቡ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ስለ አለባበስ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ፊታችንን ወደ እህቶቻችን እናዞራለን። ስለ ሒጃብ፣ ስለ ጅልባብ፣ ስለ ቀሚስ ስፋት ብዙ ተብሏል። የወንዱ ጉዳይ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው በታች ከሚለው ክርክር እምብዛም አያልፍም። ዛሬ ኢንሻ አላህ የምናወሳው ስለ ወንዶች ነው። ወንድ ልጅ ለጁሙዓ፣ ለዒድ፣ ለሰርግ አምሮ ለመታየት ሲለብስ የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

ሰው ከማማት ከራሴ ብጀምር ይሻላል። በ1998 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር የዋለው በጥቅምት መጨረሻ ነበር። እኔ ያኔ መድረሳ ጨርሼ ኮሌጅ የገባሁ ወጣት ነኝ። ዒድን ከዘመድ ጋር ላሳልፍ ብዬ ሞላሌ ሄድኩ። ሞላሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መንዝ ነው፣ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደጋ፣ የጥቅምቱ ነፋስ አጥንት ይሰረስራል። እዚያ ሙስሊሙ ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። እኔ ከመርካቶ የገዛኋትን ስስ ነጭ ጀለቢያ ለብሼ፣ ሽቶ ተርከፍክፌ ሶፍ ላይ ቆምኩ። አጠገቤ አንድ አባት ቆሙ። ጥቁር በርኖስ ደርበዋል። በርኖሱ የጭስና የበግ ጠረን አለው። ሰላቱና ኹጥባው እንዳበቃ ሙሷፈሓ ስናደርግ፣ “አባባ፣ ለዒድ እንኳ ነጭ ነገር ቢለብሱ ምናለበት?” አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ።

በዓመቱ ስመለስ ቦታቸው ላይ አጣኋቸው። አክስቴን ብጠይቃት፣ “ነጭ የለኝም ብለው ቀርተዋል” አለችኝ።

ወንድሞቼ፣ ይህን ቃል ስሰማ የተሰማኝን አልነግራችሁም። ብቻ ከዚያ በኋላ ኪታቦቹን በሌላ ዓይን ገለጥኳቸው። ነጭ ልብስ የተወደደ መሆኑ እውነት ነው፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነገር ግን የተወደደ ነገር ግዴታ አይደለም። ሱፍን በተመለከተ ደግሞ እኔ የናቅኩትን ነገር በሐዲስ ኪታብ ውስጥ አገኘሁት። አል-ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ እጅጌው ጠባብ የሆነ የሱፍ ጁባ ለብሰው ነበር፤ ዉዱእ ሲያደርጉ እጅጌው አልጠቀለል ስላላቸው ክንዳቸውን ከሥር በኩል አወጡ። ይህ በቡኻሪ ውስጥ አለ። ያ ጁባ የሻም አሠራር ነው፤ የመካም የመዲናም አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን አንዳንዱ ወንድም የባሕር ማዶውን ስፌት ካልለበሰ ሃይማኖቱ የጎደለ ይመስለዋል።

ይብስ የሚገርመው ስሙ ነው። በርኖስ የምንለው ቃል ከዐረብኛው “ቡርኑስ” የመጣ ነው። ኢማሙል ቡኻሪ በአልባሳት መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ ቡርኑስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላቸው። ዋኢል ኢብኑ ሑጅር (ረ.ዐ.) ደግሞ ሶሓቦቹ በርኖስና ወፍራም ኩታ ደርበው፣ ለተክቢራ እጃቸውን ሲያነሱ እንዳዩ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። የዐረቡ ቡርኑስ ቆብ አለው፣ ከመንዙ በቅርጽ ይለያል፤ ቢሆንም እኒያ አባት ያን ዕለት ከእኔ የተሻለ ማስረጃ ነበራቸው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፣ ከብርድም ያድናል። አላህ (ሱ.ወ.) በአን-ነሕል ምዕራፍ፣ አንቀጽ 80 ላይ ከቆጠራቸው ጸጋዎች አንዱ የበጎች ሱፍ ነው። ደግሞስ ልጆቻችን ለሰርጋቸው ተከራይተው የሚለብሱትን ኮትና ሱሪ “ሱፍ” ብለን አይደል የምንጠራው? የበጉን ሱፍ ንቀን የሱቁን ሱፍ እናከብራለን።

“ታዲያ ጠረኑስ?” የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። እርሱም ቢሆን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ገጥሞ ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደገለጹት የዚያ ዘመን ሰዎች ጉልበት ሠራተኞች ነበሩ፣ የሚለብሱትም ሱፍ ነበር። መስጊዱ ጠባብ ነው፣ ጣራውም ዝቅ ያለ ነው። በአንድ የሞቀ ቀን በሱፋቸው ውስጥ አላባቸው፤ ጠረኑ አንዱን በአንዱ አስቸገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽታው ሲደርሳቸው ሱፉን አውልቁ አላሉም፤ ሰዎቹንም ውጡ አላሉም። ለዚህ ቀን ሰውነታችሁን ታጠቡ፣ ካላችሁም ሽቶ የተሻለውን ተቀቡ አሏቸው። ልብ በሉ፣ ትዕዛዙ የጀመረው ከሰውነት ነው። የእኛ ወንዶች ትልቁ ስህተትም እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ከላይ የሚታየውን እንገዛለን፣ ሥሩን እንረሳለን። አዲስ ኮት ለብሶ የሦስት ቀን ካልሲ ያጠለቀ ሰው ጫማውን መስጊድ በር ላይ ሲያወልቅ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላው ሱጁድ የሚያደርገው ሰው ግንባሩን የሚያሳርፈው የእርሱ እግር አጠገብ ነው። ሽቶ ደግሞ ላብን አያጥብም፤ ላብ ላይ ሲፈስ ሦስተኛ ጠረን ይወልዳል። ብብት፣ ጥፍር፣ አፍ፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፤ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እነዚህን እንይ። ሳሙና ከኮት ይረክሳል።

ወደ ጀለቢያዬ ልመለስ። የመጀመሪያው ዒድ ማታ አጎቴ ሳቅ እያለ፣ “ልጄ፣ ፀሐይዋ ከፊትህ ስትመጣ እኛ ከኋላህ የሆንን ሁሉንም አየን” አለኝ። ከሥር አጭር ቁምጣ ብቻ ነበር ያደረግኩት። የወንድ ልጅ ዐውራ ብዙሃን ዑለማዎች እንዳሉት በእምብርትና በጉልበት መካከል ያለው ነው፤ የቆዳውን መልክ የሚያሳይ ልብስ ደግሞ እንዳልሸፈነ ይቆጠራል። ነጭ ልበሱ ብዬ የማስተምረው እኔ ነኝ ሰላቴ አጠያያቂ የነበረው! ስስ ነጭ የምትለብሱ ከሥሩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ አድርጉ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ቤተሰብ ይያችሁ። ወጣቶቹ የሚለብሱት ከወገብ ዝቅ የሚል ጂንስና አጭር ካናቴራም ያው ነው። ሲቆሙ ደህና ይመስላል፤ ሩኩዕና ሱጁድ ላይ ጀርባው ይገለጣል። ልብስ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ መስታወት ማየት ብቻ አይበቃም፣ ጎንበስ ብላችሁ ሞክሩት። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

ስለ ሐርና ወርቅ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁና። ለኡመቱ ወንዶች ሁለቱም ሐራም ናቸው። ነገር ግን አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ሙሽሮቻችን የወርቅ ቀለበት እያጠለቁ ነው፤ ሲጠየቁ “ለሰርጉ ቀን ብቻ” ይላሉ። የሰርጉ ቀን ከሸሪዓ ውጭ ያለ ቀን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደረጉት የብር ቀለበት ነው፣ ብር ያምራል። ክራባትን በተመለከተ ገበያ ላይ የሚያብረቀርቀው አብዛኛው ፖሊስተር ነው እንጂ የትል ሐር አይደለም፤ እርሱ በክልከላው ውስጥ አይገባም። ጽሑፉን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ጠይቁ። ዑመር (ረ.ዐ.) በመስጊድ በር የሚሸጥ የሐር ልብስ አይተው ለጁሙዓና ለእንግዳ መቀበያ ይግዙት ብለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ ነቢዩ ያልተቀበሉት ሐሩን ነው። ለጁሙዓና ለእንግዳ መዋብን ግን አልነቀፉም።

የልብስ ርዝመት ላይ ዑለማዎች ከኩራት ጋርና ያለ ኩራት በሚለው ተለያይተዋል፤ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ማድረጉ ከክርክሩ ያወጣል፣ ጭቃም ያድናል። በዚህ ምክንያት ወንድሙን የሚያኮርፍ ግን አጥፍቷል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብድሩ ነው። ለአንድ ቀን ኮት ተበድሮ የሰርጉን ማግስት በዕዳ የሚጀምር ሙሽራ፣ ለዒድ ልጆቹን ትቶ ራሱን የሚያለብስ አባት አለ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የሚሹትን ብሉ፣ የሚሹትን ልበሱ፣ ብክነትና ኩራት ብቻ አይግቡበት የሚል ትርጉም ያለው ምክር ትተውልናል። የዝና ልብስ የተባለውም በውድ ብቻ አይደለም፤ ሰው ዛሂድ ነው እንዲለው ሆን ብሎ የተቀደደ የሚለብስም እዚያው ውስጥ ነው። ደግሞ ሚስቶቻችን አንድ ቅሬታ አላቸው፣ በደብዳቤም ደርሶናል። ለጎዳና ተሽሞንሙኖ ወጥቶ ቤት ሲገባ ያደፈ ሽርጥ የሚያገለድም ባል ለማን ነው የሚዋበው? እኚሁ ኢብኑ ዐባስ ሚስቴ ልትዋብልኝ እንደምወድ እኔም ልዋብላት እወዳለሁ ይሉ ነበር።

እኒያን አባት ቤታቸው ሄጄ ዐውፍ በሉኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። በርኖሱን አምጥተው ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የፈተሉት መሆኑን ነገሩኝ። ጠረኑም ምድጃው አጠገብ ስለሚሰቀል እንደሆነ ያወቁት ናቸው። በሚቀጥለው ቀን አብረን አወጣነው፤ አራገፍነው፣ በደረቅ ብሩሽ ጠረግነው፣ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ሳናሽ ነካክረን አጠብነው። ሱፍ በፈላ ውሃ ከታሸ ጸጉሩ ተቆላልፎ ይኮማተራል፣ በረኪና ደግሞ ጨርሶ ይበላዋል። ሳንጠመዝዝ ውሃውን ተጭነን አፈሰስነውና ጥላና ነፋስ ባለበት ዘርግተን ሁለት ቀን አቆየነው። በዚያው በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ለዒድ አል-አድሐ ውርጩ ሳይቀልጥ እርሱኑ ደርበው መጡ። እኔ ደግሞ ከጀለቢያዬ ሥር ሱሪ፣ ከላዩ ጋቢ አድርጌ ጎናቸው ቆምኩ።