ብረት የሌለው የጄኔቫ ማሽን

ስዊዘርላንድ በማሽን ስትነሳ ሰው የሚያስታውሰው ሰዓቷን ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ ደግሞ የዙሪኩ ኦርሊኮን ፋብሪካ የሠራቸውን የኤሌክትሪክ ባቡሮች ይጨምራል። ጄኔቫ ዳር ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ከብዙ አገር ተመራማሪዎች ጋር የሠራው ዤአንት 4 ግን ብዙም አይነሳም። ፕሮግራም ነው፤ ቅንጣትና ጨረር በቁስ ውስጥ ሲያልፉ የሚገጥማቸውን በኮምፒውተር ያሰላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ የመጀመሪያው እትም በ1998 ወጣ።

መሠረቱ ዕጣ ነው። አንድ ፎቶን፣ ማለትም የጨረር ቅንጣት፣ ምን ያህል ተጉዞ እንደሚጋጭ፣ ተጋጭቶስ ወዴት እንደሚዞር በዕጣ ይወሰናል፤ የዕጣው ዕድል ግን ከፊዚክስ የተቀዳ ነው። ስታኒስላው ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን በ1940ዎቹ የጠነሰሱት ይህ ዘዴ ሞንቴ ካርሎ ይባላል።

ለምሳሌ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ሲያክምበት የኖረውን ጨረር አመንጪ ኮባልት 60 እንውሰድ። ፎቶኖቹ 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አላቸው። ከፍተኛው የጨረር መጠን የሚያርፈው ቆዳው ላይ ሳይሆን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ጉልበቱን ለሰውነት የሚያደርሱት ፎቶኖቹ የሚያስፈነጥሯቸው ኤሌክትሮኖች ናቸውና፤ እነሱም በአብዛኛው ወደፊት ይሮጣሉ። ዤአንት 4 ይህን አሳምሮ ያሳያል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተጠቃሚ የሚሳሳትበት አንድ ቁጥር አለ፤ 0.7 ሚሊሜትር። ነባሪው የመቁረጫ ርቀት ነው። ብዙዎች ኤሌክትሮኑ 0.7 ሚሊሜትር ሲቀረው ፕሮግራሙ የሚያቆመው ይመስላቸዋል። አያቆመውም። አንዴ የተወለደ ኤሌክትሮን ጉልበቱ እስኪያልቅ ይከተለዋል። ቁጥሩ የሚወስነው መወለድን ነው፦ ሯጩ ኤሌክትሮን በመንገዱ የሚያስፈነጥረው ሌላ ኤሌክትሮን 0.7 ሚሊሜትር መጓዝ የማይችል ከሆነ ለብቻው አይፈጠርም፤ ጉልበቱ በሯጩ መንገድ ላይ ይቆጠራል። በውሃ ውስጥ ይህ ወሰን ጥቂት መቶ ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ በእርሳስ ውስጥ እጅግ ከዚያ ይበልጣል። ቀዳሚው ዤአንት 3 ወሰኑን በጉልበት ነበር የሚያስቀምጠው። በርቀት መሆኑ ትልቅ ብልሃት ነው፤ አንዱ ቁጥር በውሃም በእርሳስም ተመሳሳይ የቦታ ጥራት ይሰጣልና።

እንግዲህ ቆዳን በ0.1 ሚሊሜትር ሽፋን ከፋፍሎ ነባሪውን ቁጥር እንዳለ መተው ምን ማለት ነው? ሰባት ሽፋን ሊያቋርጥ ይችል የነበረ ኤሌክትሮን በተነሳበት ሽፋን ተቀበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ሚሊዮን ፎቶን ቢለቀቅም ስህተቱ አይታረምም። ዕጣው ሲበዛ የሚጠበው የዕጣው መዋዠቅ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በግማሽ እንዲቀንስ አራት እጥፍ ዕጣ ይጠይቃል። ጠባብ የስህተት መስመር አሳይቶ ውጤቱ ትክክል ነው ማለት፣ በተለይ ነገሩ ለታካሚ ሲሆን፣ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው።

መፍትሔው ደግሞ ያለው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ዤአንት 4 ለየክልሉ የተለየ መቁረጫ ይፈቅዳል፦ ለቆዳው 0.01 ሚሊሜትር፣ ታካሚው ለተኛበት አልጋ ያው 0.7። ሁሉንም ማሳነስ ስሌቱን ያለ ጥቅም ያጓትተዋል፤ ቆዳውን ብቻ ማሳነስ ግን ጥቂት መስመር ኮድ ነው።