ተቋራጭ የገጠመውን ዕቃ ነቅሎ ሲወስድ
ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ኮልፌ ቀራንዮ፦ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ የሚዘልቀው የጅማ መንገድ የአዲስ አበባን ምዕራባዊ ክፍል ከገጠሩ ጋር ያገናኛል። የገበሬ ማኅበራት ወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም የመጋዘን በር ሲያስገጥሙ ብዙ ጊዜ የሚዋዋሉት ከከተማ ከሚመጣ ተቋራጭ ጋር ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንዱ ወገን «ቀሪ ሒሳቤ አልተከፈለኝም»፣ ሌላው «ሥራው ጎደሎ ነው» ሲል ጠብ ይነሣል። በዚህ መካከል ተቋራጩ ሞተሩን ነቅሎ ቢወስድ ወፍጮው ይቆማል፤ አባላቱም እህላቸውን በአህያ ጭነው ሩቅ ለመሄድ ይገደዳሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

ገንዘብ የቀረበት ተቋራጭ መክሰስ እንጂ በራሱ እጅ መፍረድ አይገባውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 እንደሚደነግገው፣ ይዞታውን የተነጠቀ ሰው ዕቃው እንዲመለስለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። ተከሳሹ መብት እንዳለው ወዲያውኑ በማያጠራጥር ማስረጃ ካላስረዳ በቀር ዕቃው እንዲመለስ ይታዘዛል። ሆኖም ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል።

ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ሊነቀል የማይችል ዕቃ የሕንፃው አካል ሆኖ ይቆጠራል። በብሎን የታሰረ ሞተር ግን በቀላሉ ስለሚፈታ ሊያከራክር ይችላል። ስለሆነም መሪዎች ከመፈረማቸው በፊት «ሒሳቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ዕቃው የተቋራጩ ነው» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማጣራት አለባቸው።

ዕቃው እንዳይሸጥ ወይም እንዳይበላሽ የሚያሠጋ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ማመልከት ይቻላል።

ከመሪዎች የሚጠበቅ

የተወሰደውን ዕቃ ዓይነትና ቁጥር፣ ቀኑንና ያዩትን ምስክሮች በቃለ ጉባዔ መመዝገብ፤ ውሉንና የክፍያ ደረሰኞቹን በአንድ ፋይል ማስቀመጥ፤ ለተቋራጩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት፤ ካልመለሰም ሳይዘገዩ ክስ ማቅረብ ያስፈልጋል። ዱላ ማንሣት ግን ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል።

ማኅበሩም የራሱን ግዴታ መዘንጋት የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1757 እንደሚለው፣ ሌላው ወገን ውሉን እንዲፈጽም የሚጠይቅ የራሱን ድርሻ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ያልተከራከሩበትን ሒሳብ ከፍሎ ደረሰኝ መያዝ፣ የሥራውን ጉድለትም በዝርዝር ጽፎ ማሳወቅ ማኅበሩን በዳኛ ፊት ያጠነክረዋል።