ጓይላው በጆሮ ማዳመጫ

ዓዲ ሓቂ ሠርግ ላይ ከበሮው ከጨፋሪዎቹ ጋር ይዞራል፤ ድምፁ አንዴ ከጀርባ፣ አንዴ ከጎን ይመጣል። በስልክ ቀርጻችሁ ውጭ አገር ላለች አክስት ስትልኩት ግን ዙሩ ይጠፋል።

ጆሮ አቅጣጫን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ድምፅ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲደርስ የምትፈጠረው፣ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ የምታንስ መዘግየት ናት። ኋላ አዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው ግብጻዊው ሀሊም ኤል-ዳብህ በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ በማስተጋቢያ ክፍል ድምፁን ለውጦታል።

ዛሬ ኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የተሠራው የአይኢኤም ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ሪፐርን በመሰለ የሙዚቃ መሥሪያ ውስጥ ከበሮውን በማውስ ይዛችሁ በአድማጩ ዙሪያ ታዞሩታላችሁ። ከበሮውን፣ ክራሩንና ዘፋኙን ለየብቻ መቅረጽ ግን የግድ ነው፤ ለሠርግ ቀራጭ ይህ ነው ከባዱ። አክስትም በጆሮ ማዳመጫ ትስማው፤ በስልክ ስፒከር ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።