ከገበያ ቀን እስከ ሕዋስ፦ ቁስ በማይቶኮንድሪያ መረብ ውስጥ እንዴት ይዳረሳል?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሁምቦ ጠበላን በገበያ ቀን እናስባት። ከየቀበሌው የመጡ ሰዎች ለጥቂት ሰዓታት ይገናኛሉ፤ ዕቃና ወሬ ተለዋውጠው ወደየመንደራቸው ይበተናሉ። ወሬ በአንድ መንደር ውስጥ ከቤት ቤት ቶሎ ይደርሳል፤ ከመንደር ወደ መንደር ለመሻገር ግን የገበያውን ቀን ይጠብቃል። በሕዋሳችን ውስጥም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይከናወናል።

እንደሚታወቀው ማይቶኮንድሪያ ከምግብ የሚገኘውን ጉልበት ሕዋስ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ። በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ተነጣጥለው ይታያሉ። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ቀጫጭን ቱቦዎች ሆነው፣ እየተጋጠሙና እየተቆራረጡ፣ ቅርጹ ዘወትር የሚለዋወጥ መረብ ይሠራሉ። ማይቶፊዩሲንና ኦፓ1 የተባሉት ፕሮቲኖች ያጋጥሟቸዋል፤ ዲ.አር.ፒ.1 የተባለው ይቆርጣቸዋል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። በፈሳሽ ውስጥ ያለ ሞለኪውል በሙቀት ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 እንዳሳየው፣ የርቀቱ ካሬ በአማካይ ከጊዜው ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። በቱቦው ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮቲን የሥርጭት መጠኑ በሴኮንድ 20 ካሬ ማይክሮሜትር ነው ብንል፣ 10 ማይክሮሜትር ለመሄድ 2.5 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ለመሻገር ግን ሁለቱ እስኪጋጠሙ ደቂቃዎችን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ስለዚህ በተቆራረጠ መረብ ውስጥ የሥርጭቱን ፍጥነት የሚወስነው የሞለኪውሉ ሩጫ ሳይሆን የመጋጠሙ ድግግሞሽ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ማይቶኮንድሪያ የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው፤ በሰው 37 ጂኖች ይዟል። ጂኑ የተበላሸበት ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጠም የጎደለውን ይዋሳል። መቆራረጡም ከንቱ አይደለም፤ እጅግ የተበላሸው ክፍል ተለይቶ እንዲወገድ ያስችላል። ሚዛኑ ሲዛባ ግን ጉዳት ይከተላል። የማይቶፊዩሲን 2 ጂን መበላሸት ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የተባለውን የነርቭ ሕመም አንዱን ዓይነት እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2004 ታውቋል። ሕመሙ ቀድሞ የሚታየው በእግር ላይ ነው።

ለምን በእግር? ከወገብ እስከ እግር የሚወርደው የነርቭ ክር 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህም የ10 ማይክሮሜትር 100,000 እጥፍ ነው። ጊዜው 10 ቢሊዮን እጥፍ ስለሚሆን፣ ያው ፕሮቲን በመዋለል ብቻ ቢጓዝ ወደ 800 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያ ራሳቸው በተሸካሚ ፕሮቲኖች ወደዚያ ይጓጓዛሉ፤ ማይቶፊዩሲን 2 በዚህም ሥራ ድርሻ አለው። መንገድና ገበያ በተቋረጠ ጊዜ ቀድሞ የሚቸገረው ሩቁ መንደር ነው፤ በሕዋስም እንዲሁ።